አንገቱን አጥብቄ የሰፋሁት አሻንጉሊት

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለአብተው፣ ባለህበት በደቡብ አፍሪካ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ ነው ሱቅ የምትከፍተው? እዚህ ናዝሬት ሙቀቱ ቆርቆሮውን እያንጣጣ፣ እዚያ ብርድ እየገባ ነው መባሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሹራብ ደርብ። ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ? አብረውህ ያሉት ልጆች ደህና ናቸው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ዓይኔም እጄም ይሠራሉ፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅህ ሊዲም ትምህርቷን ይዛለች። ስለ ቤቱ ግን ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ማክሰኞ ስትደውል የሰማሁት የመጀመሪያ ቃልህ «የወንድምሽን ልጅ ለሰው አሳልፈሽ ሰጠሽው?» የሚል ነበር።  ቀጥለህም «ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ቅረቢና ተሳስቼ ነው፣ ያዘዘኝ ሌላ ሰው ነው በያቸው» ብለህ ዘጋህብኝ። ልጅህ ሰይፈሚካኤል የነገረህን ሰምተሃል። አሁን የኔን ደግሞ አንብብ። የጎረቤታችን የጋዲሴ ልጅ ነገ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ደብዳቤ ደግነቱ መሃል ላይ አይዘጋም።

ነገሩ የሚጀምረው ከቡዜ ነው። ከቆቃ ዓሣ እያመጣች እኔ ከምሰፋበት በረንዳ ፊት ለፊት የምትሸጥ ሴት ናት። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የተዋወቅነው። ጠዋት ጠዋት «አካም ጂርታ ሸዋወርቅ፣ ዛሬም መኪናሽ ያስነጥሰዋል?» እያለች በስፌት መኪናዬ ትስቃለች። ባሏ ከቤኒሻንጉል በኩል መጥቶ ቆቃ ግድብ ላይ ዘበኛ የነበረ ሰው ነው፤ ሞቷል። አንድ ልጇ ኢተፋ ይባላል። መልኩ አባቱን ነው፣ ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው። ለቆቃ ቡድን ተከላካይ ሆኖ አምስት ቁጥር ለብሶ ይጫወታል። ለሚመጣው ዓመት ወደ ሰፈራችን ቡድን ሊዛወር ነው የሚል ወሬ ስለነበረ ቡዜ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ናዝሬት ከገባ በየቀኑ ምሳ አብረን እንበላለን ትለኝ ነበር።

በትንሣኤ ሰሞን ሰይፉ ጥቁር ጨርቅና ቢጫ ቁራጭ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ የአንድ ልጅ ቁመት ያለው አሻንጉሊት ስፊልን። በቢጫው ማልያ አድርጊለት፣ ጀርባው ላይ አምስት ቁጥር» አለኝ። ለኢተፋ ነው ወይ ስለው «አዎ፣ ለሱ ነው፤ ቆቃዎች ለዋንጫው ሲመጡ ከፍ አድርገን እናሳየዋለን» አለ። ሊቀበሉት መሰለኝ። እዚህ ደጋፊዎች የሚወዱትን ተጫዋች ምስል በጨርቅ አሠርተው በእንጨት ላይ ከፍ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ የበረኛችንን ባለፈው ዓመት የሰፋሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ አልጠረጠርኩም። የጓደኛዬ ልጅ ነው ብዬ ተጠበብኩበት። ዓይኑን በነጭ ቁልፍ፣ ፈገግታውን በቀይ ክር ሠራሁት። ሰይፉ ሊወስድ ሲመጣ አገላብጦ አየና «አንገቱን አጥብቂው እትዬ፣ እንዳይበጠስ» አለኝ። በሁለት ዙር ደርቤ ሰፋሁለት። ለምን አንገቱን ብዬ አልጠየቅሁም።

ጨዋታው ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሁድ ነበር። እኔ ኳስ ሜዳ ሄጄ አላውቅም፤ ቡዜ ናት ዛሬ ሥራ ይቅር፣ ልጄን እይልኝ ብላ የወሰደችኝ። ከኛ ሰፈር ደጋፊዎች በታች ተቀመጥን። የደጋፊዎቹ ከበሮ መቺ ጫምሳ ከበሮውን ሲመታ ሰውነቴ ሁሉ ይነዝረኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ኢተፋ ኳስ ሲነካ ግን ከላያችን የዝንጀሮ ድምፅ ተነሳ። አንድ ሁለት ሰው መሰለኝ። ከዚያ መቶ ሆነ። ከዚያ ዘፈን አወጡለት፤ በዘፈኑ ውስጥ ያ አያቶቻችን ለሚሸጥ ሰው ይሉት የነበረው ቃል አለበት። ልጽፈው አልችልም። ከኋላዬ አንድ በእድሜ የገፋ ሰው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እያጨበጨበ ያዘፍነው ነበር። ቡዜ ዓይኗን ከሜዳው አላነሳችም። «ተያቸው፣ ጎል ስለፈሩ ነው» አለችኝ። እኔን ልታጽናና ነው እንግዲህ።

ከዚያ አሻንጉሊቱ ወጣ። በእንጨት ላይ አልነበረም፣ በገመድ ነበር። ገመዱ አንገቱ ላይ ነበር። ከላይኛው አጥር አንጠልጥለው ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል፤ እየተወዛወዘ የኔ ፈገግታ ፊቱ ላይ አለ። ገመዱን ይዞ የሚያወዛውዘው ሰይፉ ነበር። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እኔ ግን የትከሻውን አያያዝ ሺህ ሰው መሃል አውቀዋለሁ። አንዱ ጎረምሳ እግሩን ይዞ ቁልቁል ጎተተው፣ ሌላው ተንጠለጠለበት፤ አልተበጠሰም። ቡዜ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ «አንገቱን እንዴት አድርገው ቢሰፉት ነው እንዲህ እምቢ ያለው?» አለች። 

ኢተፋ ኳሱን በእጁ አነሳ። ይዞት ሄዶ የሜዳው መሃል ላይ አስቀመጠው፣ ማልያውን አውልቆ ኳሱ ላይ አለበሰውና ወጣ። ዳኛው ሮጦ ደረሰበትና ማልያ በማውለቁ ቢጫ ካርድ ሰጠው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተቀጣው እሱ ብቻ ነው። ደጋፊው በሳቅ ፈረሰ።

ማታ ሰይፉን እራት አቅርቤለት ጠየቅሁት። አልካደም። «ኳስ ሜዳ ነው እኮ እትዬ፣ ቀልድ ነው። እኛም ሜዳቸው ስንሄድ ይሰድቡናል» አለኝ። ኢተፋን ትጠላዋለህ ወይ ስለው ተገረመ። «ለምን እጠላዋለሁ? ባለፈው ክረምት አብረን አይደል ሻይ የጠጣነው? ቡድናችን ቢገባ በዚያው ጉሮሮዬ እዘፍንለታለሁ» አለ። አብተው፣ እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው። ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምክንያቱን እጠይቀው ነበር። ልጅህ በልቶ እጁን ታጠበና ተኛ።

እኔ ሦስት ቀን ስፌት አልነካሁም። ቡዜም ገበያ አልመጣችም። ረቡዕ ሚኒባስ ይዤ ቆቃ ሄድኩ። ከውሃው ዳር ተቀምጣ ዓሣ ትቀርፋለች፤ ኢተፋ ትንሽ ራቅ ብሎ መረብ ይፈታል። አሠልጣኙ ቢደውልለት አያነሳም አለችኝ። ያንን አሻንጉሊት የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አንገቱንም አጥብቄ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ያሠራኝም የወንድሜ ልጅ ነው አልኳት። ቢላዋዋ ቆመ። ከዚያ መቅረፏን ቀጠለች። ሁለት ሦስት ዓሣ ጨረሰች። በኋላ ቀና ሳትል «ለኔ ነገርሽኝ። ለኔ ብትነግሪኝ አንቺ ይቀልልሻል፣ እኔ ምን አገኛለሁ? ለነዚያ ንገሪያቸው» አለችኝ። ሻይ ጠጪ እንኳን አላለችኝም። ኢተፋ እስክሄድ ድረስ ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የዋንጫው ኮሚቴ ደጋፊዎችን ሰበሰበ። የደጋፊዎች ሊቀመንበር አቶ ዘገዬ ተነስተው ጥፋቱ የሁላችንም ነው፣ የሚጣልብንን የገንዘብ ቅጣት እንደ ልማዳችን ሁላችንም አዋጥተን እንክፈል አሉ። አሻንጉሊቱን ማን አመጣው ተብሎ ተጠየቀ። «ደጋፊ በጅምላ ነው የሚኖረው፣ ለብቻው ስም የለውም» አሉ አቶ ዘገዬ፤ ሰውም ሳቀ። አንድም ሰው የሰደበ አይመስልም፤ ስድቡን ንፋስ ያመጣው ይመስላል። ያኔ ነው የተነሳሁት።  የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ያዘዘኝ ሰይፈሚካኤል አብተው ነው፣ ሲያወዛውዘውም በዓይኔ አይቼዋለሁ አልኩ። የሱን ስም ስጠራ የአንተንም አብሬ መጥራቴ የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከኋላ አንዱ «እማማ፣ መርፌዎን ይዘው ቤትዎ ይቀመጡ!» ብሎ ጮኸ። ኮሚቴው ሰይፉን ሁለት ዓመት ከሜዳ አገደው፤ ቆቃ ሄዶ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅም ወሰነበት።

ሰይፉ ይቅርታ አልጠይቅም አለ። ልብሱን በከረጢት አድርጎ ዓለም ጤና ከተማ ወዳለው ጓደኛው ሄደ፤ ሽንኩርት ሲጭን አየነው የሚሉ አሉ። ከዚያ ይግባኝ አለ፤ አክስቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ተሳስታ ነው ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ የሚታየው ይህ ነው። ከኔ ቃል በቀር ሌላ ምስክር የለም። ሌሎቹ ሁሉ አላየንም ብለዋል።

እኔ ስሙን በመጥራቴ ነገሩ ተሻሽሏል ብዬ አልዋሽህም። ከስብሰባው በኋላ ጫምሳ መጥቶ አንድ ነገር አለኝ። ያ ቃል ከተነሳ ከበሮዬን አቆማለሁ፣ ያለ ከበሮ ዘፈን አይሄድላቸውም አለ። በሚቀጥለው እሁድ እንዳለው አደረገ፤ ዘፈኑም መንገድ ላይ ሞተ። ያን ቀን ሲነግሩኝ አለቀስኩ። ባለፈው እሁድ ግን ባዶ ጀሪካን ይዘው መጥተው ጀሪካኑን በዱላ እየመቱ ዘፈኑ። በኔም በር ላይ በከሰል አሻንጉሊት ስለውበታል። ሊዲ ስታጥበው አልለቅ ብሏት ጥላው እዚያው አለ። ቢሆንም ጫምሳ እስካሁን ከበሮውን አልመታላቸውም። ያለን እንግዲህ ይህ ነው፣ አንድ ዝም ያለ ከበሮ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። ልጅህ ያን ቃል ከኳስ ሜዳ አልተማረውም። ሕፃን ሆኖ ፀሐይ ላይ ሲጫወት ከበረንዳ ሆኜ «ግባ፣ ጠቁረህ እንትን ልትመስል ነው?» እያልኩ የምጠራው በዚያው ቃል ነበር። እናታችንም እኔንም አንተንም እንዲሁ ነበር የምትጠራን። በፍቅር ነው የምንለው ብለን እናስብ ነበር። እኔ ቃሉን ቤት ውስጥ አሳደግኩት፣ እሱ ወደ ሜዳ አወጣው። ይህንንም ቅዳሜ ለኮሚቴው እናገራለሁ። እሱን ብቻ ከስሼ ራሴን አላስቀርም።

የአንተን ደግሞ ልመልስልህ። የዛሬ ስድስት ዓመት ክንድህ ሲሰበር ለልጆችህ የሱቁ ፍሪጅ ወደቀብኝ አልካቸው። ለኔ ብቻ ነው እውነቱን የነገርከኝ። ከሱቅህ ጎትተው ሲያወጡህ፣ የውጭ ሰው የሚሰድቡበትን ስም እየጠሩ ሲመቱህ፣ «ከዱላው ይልቅ ያልረሳሁት እየዘፈኑ መምጣታቸውን ነው» ብለኸኝ ነበር። ከነሱ መሃል በየቀኑ ካንተ ዳቦ የሚገዛ ልጅ ነበር፣ እሱም ያጨበጭብ ነበር ብለኸኛል። ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብለህ ደበቅህ፤ እኔም ደበቅሁልህ። ሰይፉ ግን አባቱ በሰው ዘፈን ተከብቦ መሬት ላይ መውደቁን ሳያውቅ አደገ። እኔ አልነገርኩትም። የሚነገረው ካንተ አፍ ነው። በኔ ላይ ለመጮህ የደወልክበት ስልክ ለሱም ይደውላል።

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ቅዳሜ አልፏል። ያልኩትንም ብዬ ተመልሻለሁ፤ አንዲት ቃል አልለወጥኩም። ከፈረድክብኝ ፍረድብኝ። እህትነቴን ከተውከው ግን እኔ አልተውኩትም፤ የልጅህ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። የሚገባበት ግን በቆቃ በኩል ነው።

አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ በተለይ ስትታመም ላስታመመህ ለሙሉብርሃን። ሊዲ በጣም ናፍቀኸኛል በይልኝ ብላኛለች፤ ለምን እንደተጣላን አልነገርኳትም፣ ታውቃለች ግን። ጋዲሴና ባለቤቷ እንዲሁም የግቢው ሰዎች ሰላም ብለውሃል። ቡዜን ሰላምታ አልጠየቅኋትም፤ እስካሁን ወደ ገበያ አልተመለሰችም፣ ከበረንዳዬ ፊት ያለው ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቲማቲም ይሸጥበታል። ሰይፉ ሰላም አላለህም። በሱ ፈንታ አንድ መስመር ልጽፍ አስቤ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አነሳሁና ተውኩት። የራሱን ሰላምታ ራሱ ይላክ።

ያሳደገችህ እህትህ
ሸዋወርቅ

አዳማ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.