ባለቤቴ በቆመበት መደብ

ውድ እህቴ፣ የእናቴ ምትክ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ፣ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ «ወይኔ» ያሰኝሻል? ባልሽ፣ መንትዮቹ፣ አማትሽ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በደወልሽ ቁጥር «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ትዪኛለሽ። እንባው ከየት ይምጣ? ባለቤቴ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆነው፤ እኔ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ሆኛለሁ፣ ቢረግጡኝም አይሰማኝም።

አዲሱ ወሬ ነጋዴ መሆኔ ነው። አትሳቂ። ሱቅ ገብቼ ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት የማፍረው እኔ፣ ትናንት አደባባይ ቆሜ ቲማቲም ስሸጥ አረፈድኩ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬዎች ገበያ አለ። ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት የቆመበት መደብ እዚያ ነው። እሱ ሲሞት የጓሮው ቲማቲም አልሰማም፤ መቅላቱን ቀጠለ። ሲበሰብስ አሳዘነኝ ብልሽ ውሸት ነው። ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ሲገባ ነው ሳጥን ያነሳሁት።

እዚያ የሚሸጠው ራሱ ያመረተ ብቻ ስለሆነ፣ የገበያው ኃላፊ ጓሮዬን ሊያይ መጣ። ወረቀቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ረድፍ በረድፍ ዞረና «የተከሉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አዎ ብል ማን ያውቅብኛል? ግን «የተከለው እሱ ነው፤ እኔ ከሞተ ወዲህ ውኃ አጠጣሁ እንጂ» አልኩት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የቲማቲሙን ሥር እርጥብ አፈር ነካ። ከዚያ «ታዲያ ካጠጡት የእርስዎም ነዋ» ብሎ ፈረመ።

ከጎኔ እንቁላል የምትሸጥ ሴት አለች፤ አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሏታል። «ተጣሪ እንጂ! በዝምታ የሚሸጥ ቲማቲም የለም» ትለኛለች። አፌን ብከፍት ድምፅ እምቢ አለኝ። የራሷን እንቁላል ትታ ለእኔ ስትጮህ አረፈደች።

ረፋዱ ላይ የጨርቅ ከረጢት የያዙ ጡረተኛ መምህር መጡና «ሰውዬው የት ጠፋ?» አሉኝ። «ባለቤቴ ሞተ» አልኳቸው፣ የኪሎ ዋጋ የምነግር ያህል። እዚያው ቆመው አለቀሱ። እኔ መመዘኔን ቀጠልኩ። ከእሱ ጋር ምን ታወሩ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስለ አንቺ ነዋ! ሚስቴ ድንጋይ ብትተክል እንኳ ይደርቅባታል እያለ ይስቅ ነበር» አሉኝ። እውነቱን ነው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየሁት ነገር ብቅ አለና ተመልሶ ተኛ። ቲማቲሙ ግን ከቀትር በፊት አለቀ።

ቤቱን ሽጠሽ እኔ ዘንድ ነይ ያልሽኝን አስቤበታለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን በባዶው መደዳ ካሮት ዘራሁ። ለመድረስ ሦስት ወር ይፈጃል ይላሉ፤ ይብቀል አይብቀል እንጃ። ብቻ እኔ ከሄድኩ የሚያጠጣው የለም። ስለዚህ አልመጣም፣ እህቴ፤ አትቀየሚኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ የሚጣላውን መጀመሪያ። አማትሽን እጅ ነስታለች በያቸው። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ።

ታናሽ እህትሽ

ከጓሮው በር ደፍ ላይ፣ እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን