ከበሩ ወዲህ ያደገው ወፈፌ

ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጆችሽስ ጉንፋኑን ጣሉት ወይስ ተራ በተራ እየተቀባበሉት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ሁልጊዜ ሳላስብ ነው የምጽፈው፤ ዛሬ ግን ከጻፍኩት በኋላ ብዕሩን አንስቼ እውነት መሆን አለመሆኑን አሰብኩበት። እውነት ሳይሆን አይቀርም። ጽሑፌ ጠማማ ሆኖ ካስቸገረሽ አውራ ጣቴ በፕላስተር ስለተጠቀለለ ነው። የነከሰኝ አደራ ያልሽኝ ጉድ ነው። ክፋት የለበትም፤ ድዱን ሲያሳክከው ያገኘውን ያኝካል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ያገኘው እኔን ነበር።

ስትልኪው የጻፍሽልኝ ቃል አጭር ነበር። የአዲሱ ቤትሽ አጥር እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ይቆይ፣ ገና ቡችላ ነው፣ አያስቸግርሽም። አያስቸግርሽም! የላክሽው ሾፌር ካርቶኑን ደጃፌ ላይ አስቀምጦ መኪናውን ሳያስነሳ ካርቶኑ ተቀደደ፤ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የተኛ ቡናማ ነገር ዘሎ ወጣና በቀጥታ ስፌት ክፍሌ ገባ። በዚያው ቀን ዳንቴል በላ፣ የጫማዬን ማሰሪያ በላ፣ የአስተማሪዋን ቀሚስ ጫፍ በላ። አስተማሪዋን ታውቂያታለሽ፣ እጅጌውን አጥብቢልኝ፣ አይ አስፊልኝ እያለች የምታመላልሰኝን ደንበኛዬን። ቀሚሷን ስታይ ቤቱን ታፈርሰዋለች ብዬ ስጠብቅ የተቀደደውን ጫፍ አየት አደረገችና፣ እንዲያውም አሳጥሪልኝ ልልሽ ነበር አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ ከመግባቷ በፊት የምትጠይቀው የእሱን ጤና ነው። የእኔን ረስታዋለች።

ስሙን ወፈፌ አልኩት። ሌላ ስም ሞክሬ ነበር፤ አልያዘለትም።

ማሠልጠን የሚባለውን ነገር ብቻዬን ነበር የጀመርኩት። ቁጭ በል እለዋለሁ፤ ይዘላል። ተው እለዋለሁ፤ ጨዋታ የጀመርን ይመስለዋል። ና ስለው ብቻ ይመጣል፣ እሱም ባልለውም ስለሚመጣ ነው። የሚያርፈው የስፌት መኪናዬ ሲሠራ ብቻ እንደሆነ የደረስኩበት ዘግይቼ ነው። መርገጫውን ስጀምር እግሬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ይጠቀለላል፤ እንዳቆምኩ ደግሞ እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ይፈናጠራል። እንዳይነሳብኝ ብዬ ጨርቅ ሳላገባ ባዶውን የረገጥኩበት ከሰዓት አለ፣ ታምኚኛለሽ? ቁጭ ብዬ አየር እየሰፋሁ። በኋላ ገባኝ። ለካ መኪናው ሲቆም ሁልጊዜ እኔም እነሳለሁ። እኔ የምለውን ትቶ የማደርገውን ነበር የሚያጠናው።

ይህ ነገር ያን ጊዜ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ሳቅሁበት።

(እዚህ ላይ መጻፌን አቁሜ ነበር። ፖስታውን ይዞ አልጋ ሥር ገብቶ ነው። ሌላ ፖስታ አለኝ።)

ጋሼን ታስታውሻቸዋለሽ? ግድግዳ ብቻ የሚለየን፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩት ጎረቤቴ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጡት ተማሪ ስለሌላቸው ሬዲዮናቸውን ነው የሚቆጡት። ወፈፌን ገና ባዩት ቀን፣ ይሄ ልጅ ሞተር እንጂ ፍሬን አልተገጠመለትም አሉ። በማግስቱ የደረቀ ዳቦ በኪሳቸው ይዘው መጡ። አንድ ቃል ምረጪ፣ በአንድ ድምፅ በይው፣ ሲያደርገው ያኔውኑ ስጪው፤ አምስት ቃል አደባልቀሽ ስትለማመጪው ግን የትኛውን ይስማ አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ «ፍሬን» ብቻ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አንድም ሰው አልሞተብኝም አሉ። እውነት ነው መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ሽቅብ ሲያየኝ፣ አንቺዬ፣ ዳቦውን መስጠት ረሳሁ። ከኔ የወጣ ቃል ሌላ ነፍስ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ሲሆን ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ከዚያ ገመድ አሰርኩለትና አብሮኝ መራመድ አስተማርኩት። ከቤቱ በር እስከ ግቢው በር፣ ከግቢው በር ተመልሰን ወደ ቤት። ስቆም ይቆማል፣ ቁጭ ይላል። ጠዋት ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ሥራ ስጨርስ። ጎበዝ ሆነ። እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

ለምን ከግቢው በር እንደምንመለስ ላንቺ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽና። ነገር ግን ጽፌው ስለማላውቅ ልጻፈው። ዋናውን መንገድ ሳቋርጥ መሐሉ ላይ እግሬ አልሄድም ያለኝ ቀን፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ጥሩንባው ሲጮህ፣ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ እንደ ዕቃ ዳር አደረሰኝ። ያመመኝ ነገር አልነበረም፤ ሐኪሙም ምንም የለብሽም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከበሩ አልፌ አላውቅም። ጨርቁን ያመጡልኛል፣ የተሰፋውን ይወስዱልኛል፣ ዳቦው እቤቴ ድረስ ይመጣል። ሰው ምን ሆንሽ ሲለኝ ሥራ በዝቶብኝ እላለሁ። ሰው ቤት መቀመጥንም እንደ ሙያ ሊይዘው ይችላል፤ እየተካነበት ይሄዳል።

የወፈፌ ክትባት ደረሰ። የእንስሳት ክሊኒኩ ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። ጋሼ ደግሞ፣ ቡችላ በልጅነቱ መንገድ ካላየ፣ ሰው ካልለመደ፣ ሲያድግ ሁሉን ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል፣ ያን ጊዜ ማንም አያሳድረውም አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እኔን እያዩ አልነበረም። ጣራውን ነበር የሚያዩት። እሳቸው እንዲወስዱልኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ።

በቀጠሮው ጠዋት ጸጉራቸውን አበጥረው መጡ። ገመዱን ተቀበሉኝና ጉዞ ጀመሩ። እኔ የቤቱ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ወፈፌ ጭራውን እየቆላ፣ እሳቸውን እየቀደመ ሄደ። የግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ቁጭ አለ። ከዚያ ዞረና ወደ ቤት መራመድ ጀመረ፣ ልክ እንደ ጨዋ ሠራተኛ ሥራውን ጨርሶ። ጋሼ ሳቁ። መልሰው ወሰዱት፤ ቁጭ አለ፣ ዞረ። ዳቦ አሳዩት፤ ዳቦውን እያየ ምራቁን እያዝረበረበ ከበሩ ደፍ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አቅፈው መንገዱ ላይ ቢያቆሙት ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። አንገቱን ከማሰሪያው አሾልኮ በእግሮቼ መሐል አልፎ የስፌት መኪናዬ ሥር ተወሸቀ።

ጋሼ ባዶ ገመድ ይዘው ቆሙ። ሳቃቸው ቆመ። መሬቱን አዩ። ከቤቴ ደጃፍ ተነስቶ እስከ ግቢው በር የሚሄድ፣ እዚያ ደርሶ የሚታጠፍ፣ ሣሩ የሞተበት መስመር አለ። እግራችን ያወጣው ነው። አይቼው አላውቅም ነበር።

«ማነው ይሄን ያስተማረው?» አሉ።

አልተቆጡም። መልስም አልጠበቁም፤ ገመዱን አጣጥፈው አጠገቤ አስቀምጠው ሄዱ።

ያን ቀን ምንም አልሰፋሁም። ወለሉ ላይ አጠገቡ ተኛሁ፤ ልቡ ከልብስ ስፌት መርፌ ይፈጥን ነበር። ከ«ቁጭ በል»ም፣ ከ«ተው»ም፣ ከ«ና»ም በላይ ጥርት አድርጎ የተማረው ትምህርት ያ ነበር። ዓለም የግቢው በር ላይ ያልቃል። እኔ ብቻዬን ስፈራ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ለምጄው፣ አልጋ አንጥፌለት፣ አብሬው እየኖርኩ ነበር። ጥርሱን አብቅሎ ያልጨረሰ ፍጥረት የኔን ፍርሃት ሲፈራ ማየት ግን… እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። የትልቅ ሰው ልብስ የለበሰ ሕፃን አይተሽ ታውቂያለሽ? እጅጌው መሬት ሲጎትት። እንደዚያ ነው። ልኩ አይደለም።

ካልሄድኩለት አይሄድም። ይህን ለማወቅ ጋሼ አያስፈልጉኝም ነበር።

ሞከርኩ። ብዙ ጠዋት ሞከርኩ። መንገዱን ሳየው እግሬ አልሄድም ይለኛል፣ እመለሳለሁ፣ እሱም ይመለሳል፣ ትምህርቱም ይጠነክራል። ከዚያ አንድ ቀን ጫማዬን ሊያወልቅ ሲታገል እሱን እሱን ሳይ፣ ለካ ጀርባዬ በሩን ነክቷል። መንገዱን ካላየሁት፣ እሱን ብቻ ካየሁ፣ እግሬ ይታዘዘኛል።

ስለዚህ ወደ ኋላዬ ወጣሁ። ፊቴን ወደ ቤቴ፣ ጀርባዬን ወደ ዓለም አድርጌ። አትሳቂ። ጋሼ ድምፅ ሰምተው ብቅ አሉና አዩኝ፤ ምንም ሳይጠይቁ መንገዱ ላይ ቆመው እጃቸውን ማወናጨፍ ጀመሩ። ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ግራ ሰበር፣ ቀጥ አርጊው፣ ከኋላሽ ብስክሌት አለ። አርባ ዓመት ሳስተምር ወደፊት ሳይለምድ በኋላ ማርሽ የጀመረ ተማሪ አንቺ ብቻ ነሽ አሉ። ብስክሌቱን ገጨሁት። ጣልኩትም። ባለቤቱ ጎሚስታው፣ ጎማ የሚጠግንበት ደጅ ተቀምጦ ነበር፤ እንዳንቺ ያለ ሰው ሲነዳ ጥሩንባ ማድረግ አለበት አለና አነሳው።

ወፈፌ ደፉ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አንድ እግሩን ያወጣል፣ ይመልሳል። ና አልኩት፣ አንዴ፣ በአንድ ድምፅ። መጣ። መጣ ስልሽ ተወረወረ! ከዚያ መንገዱን አየ። በንፋስ የሚንከባለል ፌስታል አየና ሊይዘው ሮጠ፣ ገመዱ እጄ ላይ ነበር፣ አዞረኝ። እንዲሁ፣ ሳልወስን፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞረኝ።

ምን እንዳየሁ ልንገርሽ። ጎሚስታው ደጅ የተደረደረ ጎማ። የቤት ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ። መስኮት ላይ የተሰጣ ፎጣ። ይኸው ነው። ፈርቼም ነበር፣ ቆሜም ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ወፈፌ ጎማ ላይ ሸና። ጎሚስታው፣ ቆይ ለእናትህ ባልነግርብህ አለው፣ እኔን እያየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ በቀስ ነው። አንዳንድ ቀን እስከ ጎሚስታው፣ አንዳንድ ቀን እስከ ዳቦ ቤቱ፣ አንዳንድ ቀን የትም። የትም የማንሄድበት ቀን ዛሬም አለ፣ አልዋሽሽም።

ትናንት ዋናው መንገድ ጋ ደረስን። ጋሼ ከኋላ ራቅ ብለው፣ ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ይከተሉናል፤ ጋዜጣው የተገለበጠ ይመስለኛል። ማቋረጫው ላይ ቆምኩ። ወፈፌም ቁጭ አለ፣ ስቆም ቁጭ ማለት አስተምሬዋለሁና። መኪና ቆመልን። ሌላም ቆመ። ሽቅብ አየኝ። እሱ አልፈራም ነበር፤ የኔን ፊት ነበር የሚያነበው፣ ምን መሆን እንዳለበት ሊወስን። ያን ጊዜ ፊቴን እንደምንም አስተካከልኩት። «እንሂድ» አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ። ሄድን።

የክሊኒኩ ሐኪም መርፌውን ስታዘጋጅ ስሙን ጠየቀችኝ፤ ወፈፌ ስላት ከልቧ ሳቀች። የማነው አለችኝ ቀጥላ። የኔ ነው አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ዕቃ ሊያደርስ በዚህ ሲያልፍ ስለ አዲሱ ቤትሽ ጠይቄው ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ እስከ ሩቅ ያሳያል አለኝ። ደስ አለኝ። ስለ አጥሩ አልጠየቅሁትም። አንቺንም አልጠይቅሽም። ልጅ ሳለን ሐኪም ቤት አልገባም ስል ከረሜላ ተራ እንሂድ ብለሽ ይዘሽኝ ስትሄጂ እንኳ ፊትሽ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

ለልጆችሽ ጤና ይስጥልኝ፣ ቤትሽ ሳቅ አይለየው፣ ወገብሽን ፈጣሪ ያቅናልሽ። የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ። ስትመጪ ግን ታክሲ አትያዢ፣ እስከ ቤትም አትድከሚ። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ቆመን እንጠብቅሻለን። እስከዚያ ገና አልደረስንም፤ ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

ወዳጅሽ፣
አብሮ አደግሽ