የአራሷ ቤት ግድግዳ

ሰኞ፣ የሰኔ መባቻ

ከሦስቱ አሮጌ ቤቶች የሁለቱን የሳር ክዳን አነሡ። አዲሱ መንደር በሚቆረቆርበት ሜዳ ላይ ችካል ስተክል ሰዎቹ በትከሻቸው ተሸክመው እየዘፈኑ መጡ። ክዳኑን ሳይፈቱ እንዳለ ነው የሚያነሡት፤ ከሩቅ ሲታይ ቤቱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። መንደሩን እንድቀይስ ከንፋስ መውጫ ከተማ የተላክሁት መሐንዲስ እኔ ነኝ። ክዳኑን ከማንሣታቸው በፊት ማንም አልጠየቀኝም።

ስለ ቤቶቹ ልጻፍ፤ ሌላ የሚጽፍላቸው የለም። ፊታውራሪው ለጭሰኞቻቸው ያሠሯቸው ናቸው። የቀሩት ሦስት ብቻ። በአንድ ረድፍ ተያይዘው ጀርባቸውን ለተዳፋቱ ሰጥተዋል፤ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል አንድም ቀዳዳ የለም። ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው። የከብቱ ትንፋሽ በእንጨቱ ርብራብ በኩል ወጥቶ መኝታውን ያሞቃል። ድንጋዩ አልተጠረበም፤ እየተመረጠ የተጋጠመ ነው። በሁለት ቤት መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ነው፣ የሁለቱም። ለድሃ ከተሠሩ ቤቶች መካከል እንዲህ የታሰበበት አላየሁም።

ካድሬው ጓድ ወርቁ "የፊውዳል ቅሪት" ይላቸዋል። እንዲፈርሱ አዟል።

ማክሰኞ

የመካከለኛውን ክዳን ለምን እንደተዉት ዛሬ ገባኝ። አራስ አለች። እናትነሽ ትባላለች፤ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። እዚህ አገር ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ የአራስ ቤት ክዳን አይነካም፤ አራስም ከደጅ አትወጣም። የተወለደችው ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀን፣ ክረምቱን ሙሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ የእሷን አክብረው ትተው የግራና የቀኙን አነሡ።

"ለእኛ ሲሉ እኮ ነው፣ ጋሼ። ያመስግኑልን እንጂ ምን ያስቆጣዎታል?" አለኝ ባሏ ሙላት።

አክብረው ሊገድሏት ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ጭቃ ከላዩ ክዳን ካለ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አሁን ሁለቱም ግድግዳዎች በአንድ ወገን ራቁታቸውን ቀርተዋል፤ ዝናብ ከአናታቸው ይጠጣሉ።

ይህን ሳስረዳው "የፊታውራሪው ቤት" ስል አቋረጠኝ። "ያንን ድንጋይ አባቴ ነው በትከሻው ያመጣው። ፊታውራሪው ጠጠር አላነሡም።" ልክ ነው። ከእንግዲህ እንዲያ አልልም። "ታዲያ አባቴ የካበው ይወድቃል?" አለኝ። ይወድቃል አልኩት።

ረቡዕ

ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ለማየት ቱምቢ ጣልኩ። የቀኙ ግድግዳ ሆዱን ገፍቷል፤ ሦስት ጣት ያህል።

እማሆይ ጥሩ የሚባሉት የሙላት እናት በሩ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። "ምንድን ነው እሱ የምታንጠለጥለው? ሕፃን ማባበያ ነው?" አሉኝ። አራሷን ወደ ሌላ ቤት እንውሰዳት አልኳቸው። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። "ከነጭቅላዋ፣ በዚህ ብርድ? መጀመሪያ የእኔን ሬሳ አውጣ።"

እናትነሽ ከውስጥ ሰምታ ኖሯል። "በየት በኩል ነው የሚወድቅ?" ብላ ጠየቀች።

በቀኝ በኩል አልኳት። መኝታዋ በቀኝ በኩል ነው። ሕፃኗን አቅፋ ወደ እሳቱ ማዶ ስትዛወር ሰማኋት።

እኔና ሙላት ግድግዳውን በሁለት ግንድ አስደገፍነው። ሌላ ግንድ የለም፤ ሁሉም ወደ ሜዳው ተወስዷል።

ሐሙስ

ጓድ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ይለኛል። ክዳኖቹ ይመለሱ አልኩት።

"ተነሥተዋል ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አብዮት ወደ ኋላ ይመለሳል?"

"የሚመለሰው ሳር ነው፣ አብዮቱ ባለበት ይቆይ።"

አልሳቀም። ጮኽኩበት። እጁን ኪሱ ከትቶ እስክጨርስ ጠበቀኝ። "ጓድ መሐንዲስ፣ ያንተ ሥራ መስመር ማስመር ነው። መስመርህን ጠብቅ።"

ክዳኖቹን ያመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ለመንኳቸው። ፈሩ። አልፈርድባቸውም። እፈርድባቸዋለሁ።

ግድግዳው አራት ጣት ሆኗል።

ዓርብ

ሰዉ አርብ ገበያ ወርዷል። ሜዳው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ክዳኖቹ ጭቃ ላይ ተዘርግተዋል፤ ሳራቸው ከሥር መሽተት ጀምሯል። ችካሎቼን ተመለከትኳቸው። አንዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ሳይ ሁሉም ከመጀመሪያው ጀርባ ተደብቀዋል፤ እንዲያ ነው ቀጥ ያሉት። የኖርኩት በዚህ ነው። በሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

ነቀልኳቸው። ሁሉንም።

ከዚያ ጓድ ወርቁ ዘንድ ሄጄ ተሳስቻለሁ አልኩ። ልኬቱ ጠሟል፣ ሜዳው እንደገና መለካት አለበት፣ ክዳኖቹም ከመንገዴ ይነሡ።

"አንተ? አንተ ተሳሳትክ?" ደስታውን መደበቅ አልቻለም። የት ይቀመጡ ሲል ጠየቀኝ። ጭቃ ላይ ከሰነበቱ እንደሚበሰብሱ፣ ከበሰበሱም የሚጠየቀው እሱ እንደሆነ ነገርኩት። ከጭቃው የሚያርቃቸው ቦታ የድሮ ግድግዳቸው አናት ብቻ ነው አልኩት። ጢሙን ነካካ።

"ለጊዜው። ግን ነገ በስብሰባ ግለ ሂስ ታደርጋለህ።"

ቅዳሜ

አደረግሁ። በገበሬዎቹ ፊት ቆሜ፣ ሥራዬን እንደማላውቅ፣ በግዴለሽነት እንደለካሁ፣ የሕዝብን ጉልበት እንዳባከንሁ ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ "ከሀ ሁ ያስጀምሩት" አለ። ሳቁ። እኔን ያመመኝ ሳቁ ሳይሆን "በግዴለሽነት" የሚለው ቃል ነው። ሙላት መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከሰዓት ክዳኖቹን መለሱ። ሳሩ ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ ሁለቴ አሳረፏቸው። የቀኙ ሲቀመጥ ከግድግዳው አናት ጥቂት ድንጋይ ተንከባለለ።

"ምንድን ነው?" አለች እናትነሽ ከውስጥ።

"ምንም አይደል፣ ልጄ። ጎረቤት እየገባ ነው" አሉ እማሆይ።

ግድግዳው ቆመ።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ግድግዳው ከትናንቱ አልጨመረም። የጠጣው ውሃ እስኪደርቅ ግን ገና ነው፤ ተረፈ ብዬ አልጽፍም።

እማሆይ ንፍሮ ሰጡኝ። "ብላ እንግዲህ፣ መለካት የማታውቀው" አሉኝ። ሆን ብዬ እንዳደረግሁት ያውቁ እንደሆነ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ጓድ ወርቁ ሥራዬን የሚመረምር ሌላ መሐንዲስ ከክፍለ ሀገር ጠርቷል። በዚህ ሳምንት ይደርሳል። ችካል ብነቅልም ቀዳዳው ሜዳው ላይ አለ። ገመዱን ዘርግቶ ከቀዳዳ ቀዳዳ ይለካል፤ ሁሉም ልክ ሆኖ ያገኘዋል። ያን ቀን እኔ አሻጥረኛ ነኝ፤ ክዳኖቹም በማግስቱ ይነሣሉ።

ማምሻውን ወደ ሜዳው ወጣሁ። ቀዳዳዎቹ ውሃ ሞልተዋል፤ የአንዳንዶቹ ጠርዝ መናድ ጀምሯል። ሌሎቹ ገና አልተነኩም። አሁንም እየዘነበ ነው። ይዝነብ።