ከጎን በሩ አጠገብ የነበረው ወንበር

ውድ ጋሼ መዝገብ፣

አዳራሽ ውስጥ ብሆን ኖሮ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ክቡራን ዳኞች፣ ክቡራን ዐቃብያነ ሕግና ጠበቆች» እያልኩ በማዕረግ እወርድና እርስዎን «የተከበራችሁ ሠራተኞች» በሚለው ውስጥ ጠቅልዬ አልፍዎ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዳኝነቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ዛሬ ከፊትዎ የማስቀድመው ባለማዕረግ የለኝም። «ጋሼ መዝገብ» ስልዎም የመጀመሪያዬ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሁሉ እንዲህ ሲጠራዎ እኔ ብቻ «ጸሐፊ» እልዎ ነበር።

ደክሞኛል። እርስዎን የያዘዎ የአንጀት ካንሰር እኔንም ያዘኝ። ለጨረር ሕክምና ስመላለስ ሰንብቼ አሁን ቀዶ ሕክምናው ብቻ ቀርቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ከልጄ ጋር አስቀምጣ አነጋገረችኝ። ዕድሜዬን፣ ዕጢው ከሰገራ መውጫው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጨረር መውሰዴን፣ ለጊዜው ሆዴ ላይ የሰገራ መቀበያ ከረጢት የሚደረግልኝ መሆኑን አንድ በአንድ ኮምፒውተሯ ላይ ሞላች።

«ካንሰሩን አወጣዋለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» አለች። «አንጀትዎን መልሼ ከቀጠልኩት ግን፣ እንደ እርስዎ ካሉ አሥር ሰዎች ሰባቱ ሰገራቸውን መቆጣጠር በብርቱ ይቸግራቸዋል። ሲመጣ ፋታ አይሰጥም። ሄደው ተመልሰው ገና ወንበርዎ ላይ ሳይደላደሉ እንደገና ያስነሣዎታል። ይህን ካልፈለጉ ከረጢቱ ለዘለቄታው ይቀራል። አስበውበት ሰኞ ይንገሩኝ።»

«ፍርዱ ይኸው ነው?» አልኳት።

«ግምት ነው እንጂ ፍርድስ አይደለም። ከሰባቱ ይሁኑ ከሦስቱ እኔም አላውቅም። ሳያውቁት እንዲደርስብዎ ግን አልፈልግም።»

ልጄ ጭንቀቱን ልታቀልልኝ ፈልጋ «ዶክተር፣ ጠበቆቹ አባዬን ምን እንደሚሉት ያውቃሉ? ሙጫው! አንዴ ከተቀመጠ በክሬንም አይነሣ!» አለች። ሐኪሟ ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የሕመም ፈቃድዎን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የበሽታው ስም ወረቀቱ ላይ በግልጽ ሰፍሮ ነበር። ከወራት በኋላ ሲመለሱ እጅዎን ጨብጬ «እንኳን ዳኑ!» አልኩዎ። ካንሰሩ ከወጣ ሌላ ምን ይቀራል ብዬ ነው። እርስዎ ግን ችሎት በሚኖርበት ቀን እስከ ቀትር እህል አይቀምሱም ነበር። ወንበርዎንም ከጎን በሩ አጠገብ አደረጉት። እኔ ደግሞ ለችሎቱ ወግ አይመጥንም ብዬ ከመድረኩ ሥር፣ ከሕዝቡ ፊት አስቀመጥኩዎ።

«ወንበሬ ወደ ነበረበት እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብለው ጻፉ። እኔም ከግርጌው «ምክንያት ስላልቀረበ ውድቅ ተደርጓል» ብዬ ፈረምኩ። ምን ብለው ይጻፉት ኖሯል? ማመልከቻው እኔ ዘንድ እስኪደርስ በሦስት ሰው እጅ ያልፋል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ምስክር ሰምተን ነበር። እርስዎ ተነሡ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቢፈቀድልኝ...»

«ምስክር እየተሰማ ነው፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ላብ ግንባርዎን አጥምቆት ነበር። ጥቂት ቆይተው ሳይፈቀድልዎ ተነሡና መዝገቡን ከኋላዎ ኮትዎ ላይ ለጥፈው በሕዝቡ መካከል ወደ በሩ ሄዱ። እኔም «ጸሐፊያችን ሌላ ቀጠሮ ያላቸው ይመስላል» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛ ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ? በሳምንቱ ጡረታ ጠየቁ። ያን ጊዜ ምክንያት ሳልጠይቅ ፈረምኩልዎ።

ትናንት ማመልከቻዎን ከፋይሉ አስወጣሁ። በፊርማዬ ሥር «ይህን ውሳኔ የሰጠሁት ተሳስቼ ነው፤ ራሴ ሽሬዋለሁ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ግልባጩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ወንበሩም ወደ ጎን በሩ ተመልሷል፤ ዘግይቶ የተሰጠ ፍትሕ ምን እንደሚባል ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ለሐኪሟ ምን እንደምላት አላውቅም። ከረጢቱንም፣ አንጀትዎ ከተቀጠለ በኋላ ያለውንም ኑሮ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መለስኩት። ሰው ያሳቅኩብዎን እርስዎን ምክር ይስጡኝ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ፤ ደብዳቤ ግን አያፍርም። ዳግም ቢመርጡ የትኛውን ይመርጡ ነበር? አንድ መስመር ይበቃኛል። መልስ ባይሰጡኝም ምክንያት አልጠይቅም።

ቃል ሳያጎድሉ ስለጻፏቸው መዝገቦች ሁሉ፣ በዚያ ወንበር ላይ ሆነው ስለጻፏቸውም ጭምር፣ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ዘመንዎ የጤናና የዕረፍት፣ ከፊቴ ያለውም ሰኞ የተቃና ይሁን።

አክባሪዎ፣
ሙጫው