ንድፈ ሐሳብ ግምት ነው ብለው ላስተማሩን ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ምን ከርሟል? ቤተሰብዎስ፣ ቢሮዎስ፣ ማኅተምዎስ ደኅና ናቸው? እኛ በጋይንት ደጋ ያለነው፣ የቀረነው ማለቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መሐሪ ጓዴ እባላለሁ፤ ገበሬ ነኝ። ልጄ ዮዲት አሥረኛ ክፍል ስለምትማር የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ። በስብሰባው ዕለት ከፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነበር፤ ባያስታውሱኝም አልቀየምዎትም።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ሰዎች መክረውኛልና።

፩. ስለ መምህርት የትናየት። ከእስቴ መጥታ ባዮሎጂ ታስተምርልን ነበር። ባለፈው ጥቅምት ስለ ዝግመተ ለውጥ ስታስተምር አንዱ ተማሪ ይኼ እኮ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው አላት። ዮዲት ለእኔና ለወንድሜ እንደ ነገረችን መምህርቷ አልተቆጣችም። ሰው ቡና ሲጠጣ ንድፈ ሐሳብ የሚለው መላምቱን ሊሆን ይችላል፤ በሳይንስ ግን ብዙ ጊዜ ተፈትኖ ማስረጃ የቆመለት ማብራሪያ ነው፤ የተሻለ ማስረጃ ሲመጣ ይታረማል እንጂ እንደ ወሬ አይጣልም ብላ አስረዳቻቸው። ለምሳሌ እንዲሆናቸውም፣ ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው አለቻቸው። ይህ ነገር አርብ ገበያ ሲደርስ «መምህርቷ አባቶቻችንን ዝንጀሮ አለች» ሆኖ ደረሰ። እርስዎም ለማጣራት ጊዜ ሳያባክኑ፣ በዚያ ክፉ መንገድ ፈጥነው ስለ መጡልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

፪. ስለ ስብሰባው። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ተምረው የመጡትን የመጽሐፍ መምህር የኔታ ቀለመ ወርቅን መምህርቷን እንዲያወግዙልዎ አስጠሯቸው። የኔታ ቆመው፣ ሰው ከሌላ ፍጥረት መጣ የሚለውን እንደማይቀበሉ፣ እስኪሞቱም እንደማይቀበሉ ተናገሩ። እርስዎ ማጨብጨብ ጀመሩ። የኔታ ግን አልጨረሱም ነበር።

«እኛ መጽሐፍ ስንተረጉም፣ ለአንዱ ቃል ሌላ ፍቺ ስንጨምር ‹አንድም› እንላለን» አሉ። «‹አንድም› ስላልን የምንገምት የሚመስለው ሰው ትርጓሜ ቤት ያልገባ ነው። የእርሷንም ቃል ፍቺ ከእርሷ ቤት እንጠይቅ። ከእምነቴ የሚጣላውን እኔ እመልስለታለሁ፤ ቃሏን ግን አታጣምሙባት።»

እርስዎ በትሕትና አዳምጠው ሲያበቁ፣ ከቢሮ ተጽፎ የመጣውን ውሳኔ ከኪስዎ አውጥተው አነበቡልን። ንድፈ ሐሳብ ማለት ያልተረጋገጠ ግምት ነው፤ ተማሪም ወላጅም እንዲሁ ይያዘው የሚል ነበር። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በትምህርት ቤቱ በርና በቀበሌው ግድግዳ ተለጠፈ። መምህርቷን ወደ ቆላ አዛወሯት፤ ባዮሎጂውን የስፖርት መምህሩ ደርቦ ያዘው። የስፖርት መምህራችን ጎበዝ ሰው ነው፤ ልጆቹን ያሯሩጣል።

፫. ስለ ወንድሜ ስለ ወገኔ። ሐምሌ ላይ ጎርፍ ምንጫችን ውስጥ ገባ፤ ተቅማጥና ትውከትም ተነሣ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዕፀገነት ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ እያለች በጭቃው ቤት ለቤት ዞረች። ወንድሜ ጋ ስትደርስ እኔም እዚያው ነበርሁ። ወገኔ ሞኝ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባውን ከዳር እስከ ዳር ሰምቷል፣ መንግሥት ያለውንም የሚያከብር ሰው ነበር። ያልፈላው ውኃ እንደሚያሳምም እንዴት እንደምታውቅ ጠየቃት፤ ጀርም ነው አለችው።

«ጀርሙም በመምህርቷ አፍ ንድፈ ሐሳብ ነው» አላት። «ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ግምት ነው ተብሎ ማኅተም ተደርጎበታል። እኔ በግምት እንጨት አልፈጅም።»

ዕፀገነት ለመነችው፤ እኔም ለመንሁት። ፈገግ ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሲታመም በቃሬዛ ይዘነው ወጣን፤ መንገዱ ጭቃ ነበረ፣ ወንዙ ሞልቶ ነበረ፣ ጤና ጣቢያው ሳንደርስ አለፈ። ባለቤቱ ቦጋለችም ታማ ነበር፤ እርሷ ተርፋለች። ፍትሐቱን የኔታ አደረሱ፤ በማግስቱም በዐውደ ምሕረት ቆመው ሕዝቡ ውኃ አፍልቶ እንዲጠጣ ገዘቱ። ሰው አፈላ። በሽታውም ቀስ እያለ ቆመ።

እኔ እንዳለቀስሁ አላስታውስም። የእርሱን ገብስ ከእኔው ጋር ደርቤ አረምሁ። ሰዎች ተናደድ ይሉኛል፤ ብናደድ ደግ ነበር፣ አልመጣልኝም። ከሞቱ ወዲህ እኛ ቤት የምታድረው ቦጋለች ሌሊት ሌሊት ምን እንደማስብ ትጠይቀኛለች፤ ምንም እላታለሁ፤ እውነቴን ነው።

፬. ስለዚህ ካሳ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታ እንዲሉኝም አልጠይቅዎትም። ወረቀቱ ዛሬም በሩ ላይ አለ። ልጆች ሲገቡ ያነቡታል፣ ሲወጡ ያነቡታል። ጊዜ ሲያገኙ ሰው ልከው ያስነሡልን። ዮዲት ራሷ ልትገነጥለው ተነሥታ ነበር፤ የመንግሥት ማኅተም ነው ብዬ የከለከልኋት እኔ ነኝ። እኛ ቤት መንግሥትን ማክበር ከወላጆቻችን የወረስነው ነገር ነው፤ ወንድሜም የሞተው በዚሁ ነው።

የጽሕፈት ቤትዎን በር ያስፋልዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ እያልሁ፣ ቃልዎን እንደ ግምት ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ የኖረ ቤተሰብ ተወካይ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

መሐሪ ጓዴ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ይህን ደብዳቤ ለማስገባት መጥቼ ደጅዎ ላይ ስጠብቅ፣ የታሸገ ውኃ በካርቶን በካርቶን ወደ ቢሮዎ ሲገባ አየሁ። ጥበቃው ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ኃላፊው ሌላ ውኃ አይቀምሱም አለኝ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን። በየትኛው ግምት እንደሆነ ብቻ ቢጽፉልን፣ እርሱንም በሩ ላይ እንለጥፈው ነበር።