ግድግዳሽ ላይ የተሰቀለው ብራና

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለማክቴልድ፤

እንዴት ሰነበትሽ የኔ እመቤት? የትሮምሶ ብርድ አፍንጫሽን ተወልሽ ወይስ ወሰደው? ባልሽ ኢናር ከባሕር በደህና ይመለሳል? ትንሿ ልጅሽ ሲግኔ ጥርስ አበቀለች ወይስ እስካሁን እንደ እኔ በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ከሁለት ጉልበትና ከአንድ ጆሮ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ሴት አያትሽ ኔለ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሁለት ጊዜ ተቆጥታኛለችና ጤንነቷን አትጠራጠሪ።

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ጥፋት ልናዘዝልሽና አንድ ከባድ ነገር ልለምንሽ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያን የሰዓታት ጸሎት መጽሐፍ ታውቂዋለሽ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እዚሁ ጌንት የተጻፈውንና አንድ ነጋዴ በቢላ በታትኖ ቅጠል በቅጠል የሸጠውን። ከገበያው፣ ከሟች ቤት ዕቃ መካከል፣ አንዱን እንዲያውም ከመብራት ቆብ ላይ እየለቀምኩ በሠላሳ ዓመት ሠላሳ አንድ ቅጠል አድርሻለሁ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ተረክቦኝ በሜይ ወር ሊያስጠርዘው ነው። ባለፈው ወር ከብራና ክፍሉ ኃላፊ ከጎደሊቭ ጋር በተራ ስናስቀምጣቸው ግን፣ አሥራ ሰባተኛውና አሥራ ስምንተኛው መካከል ጣቴ ቆመ። አንደኛው ፊት ለስላሳ ነው፣ በእንስሳው ቆዳ ሥጋ የነበረበት፤ ሌላው ጠጉር የነበረበት። የጥንቶቹ ጠራዦች ጠጉርን ከጠጉር፣ ሥጋን ከሥጋ እንጂ እንዲህ አያጋጥሙም። መሐሉ አንድ ቅጠል ጎድሏል ማለት ነው።

ጎደሊቭ «አባባ ቫነስ፣ ባዶ ቅጠል እናስገባበትና እንለፈው» አለችኝ። «አንቺ ጥርስሽ ቢወልቅ ቦታውን በወረቀት ትደፍኝዋለሽ?» ብላት፣ «እርስዎስ መቼ ደፈኑት?» ብላ ወደ ባዶ ድዴ ጠቆመች።

በሳምንቱ እሑድ ኔለ የምግብ አሠራር የምትጽፍበትን ደብተር ወረወረች። የወረወረችው ወደ እኔ ነው፤ ምክንያቱን እሷን ጠይቂ። ደብተሩን የደጎስኩላት እኔ ነኝ፣ ነፍሷን ይማርና እናትሽ ሊስቤት ባገባች ዓመት። ጀርባው ተተረተረና ለማጠንከሪያ የለጠፍኩት የብራና ቁራጭ ብቅ አለ። ሁለት ጣት ይሰፋል። ላዩ ላይ የመጽሐፌ የዳር ጌጥ ሐረግ፣ ሰማያዊ አበባው፣ የወርቅ ነጠብጣቡ አለ። ከሐረጉ መሐል ደግሞ የአህያ ጅራት።

ገባሽ አይደል? ከእናትሽ በወረስሽው፣ ግድግዳሽ ላይ በተሰቀለው የብራና ሥዕል ማርያምንና ሕፃኑን ተሸክማ ወደ ግብፅ የምትሸሸው አህያ ጅራት የላትም። ልጅ ሳለሽ «አባባ፣ ጅራቷስ?» ስትዪኝ «ድንበር ላይ ለቀረጥ ከፍላው ነው» እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። ለካ ቀራጩ እኔ ነኝ። ለእናትሽ የሠርግ ስጦታ ሳዘጋጅ ቅጠሉ ከገዛሁት ክፈፍ አልገባ አለኝ፤ እኛ ደጓሾች ደግሞ ያልገባን ነገር ከመከርከም ሌላ መላ አናውቅም። ዳሩን ከረከምኩት፤ ብራና አይጣልም ብዬም ቁራጩን ለደብተሩ ጀርባ አዋልኩት። ያኔ መሰብሰብ አልጀመርኩም። ሐረጉን ስለገፈፍኩት ከዚያ ወዲህ ሺህ ጊዜ ባየውም የመጽሐፌ ወገን መሆኑን ሳላውቅ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነጋዴውን ቢላ ስረግም የኔው ቢላ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝታ ነበር።

ለጎደሊቭ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቀጥላም «ዛሬውኑ ይጻፉላትና በፖስታ ትላክልን» አለች። ኔለ ግን «ያቺ ልጅ ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው! በምን አፍህ ነው የምትጠይቃት፣ አንተ ሽማግሌ?» ብላ ደብተሩን እንደገና አነሣች።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ላኪልኝ አልልሽም፤ ራሴ እመጣለሁ። ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሐኪሙ አይሆንም ብሏል፣ ኔለም ሻንጣዬን ደብቃዋለች። ሌላ ሻንጣ ገዝቻለሁ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሰኞ ባቡር እይዛለሁ፤ ከዚያ በመርከብ። ቁራጩ በደረት ኪሴ ነው የሚመጣው። ክፈፉን አብረን እንፈታለን፣ ቁራጩን ከተቆረጠበት እናጋጥማለን፣ አንቺም ደህና አድርገሽ ታዪዋለሽ። ከዚያ ትወስኛለሽ። «ውሰደው» ካልሽኝ በእናትሽ ስም ተመዝግቦ ወደ መጽሐፉ ይገባል። «አልሰጥም» ካልሽኝ ደግሞ ቁራጩን እዚያው አንቺ ዘንድ ትቼ እመለሳለሁ፣ ጎደሊቭንም ባዶ ቅጠልሽን አስገቢ እላታለሁ። አልቀየምሽም። እኔ የለየሁት ግን እንደተለያየ አይቀርም። መጽሐፉ ይጉደል እንጂ ያ ቅጠል ሙሉ ይሆናል።

ኢናርን ሰላም በዪልኝ፤ አልጋ ሲያዘጋጅ እግሬ ረጅም መሆኑን እንዳይረሳ። የሲግኔን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለወይዘሮ ራንዲ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ የደረቀ ዓሣዋን ግን ለባለ ጥርሶች ታስቀምጠው። ኔለ ከነቁጣዋ ትስምሻለች።

አያትሽ ቫነስ

ጌንት፣ ማርች 9 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.