ኮሪያዊው ሰውዬ አንቺ የሚላት መቼ ነው?

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ለሞተ ሰው እንዴት ነህ ይባላል? አንተ ብትሆን ስቀህ «አንቺ ሴት፣ ሰላምታ ታክስ የለውም፣ በይው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ልበል፤ እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ከተለየኸኝ ሰባት ወር አልፎ ስምንተኛውን ይዣለሁ። የተቀበርክ ቀን የዚህች የዩለስ ከተማችን ሙቀት ጥቁር ልብሳችንን ከገላችን ላይ አጣብቆት ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን መስታወት በረዶ እየፋቅኩ ነው ሥራ የምሄደው።

ቤታችን አንዳንድ ነገር ተለውጧል። የአፓርታማውን በሮች በሙሉ አረንጓዴ ቀብተዋቸዋል፤ አንተ ብትኖር የጎረቤቱን በር ስታንኳኳ ትውል ነበር። ቴሌቪዥኑም ያለ አዲስ ሳጥን አይሠራም ስለተባለ ልጃችን ሳምራዊት ገዝታ ገጠመችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌዊስቪል ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር ያው ንግግር ነው። «ማሚ፣ ሶ፣ ለምን እኛ ጋ ሙቭ አታደርግም? ብቻህን እኮ ነህ።» አዎ፣ እስከ ዛሬ ወንድና ሴት አልለየችም። ያኔ አንተ ነበርክ «አታደርጊም በይ፣ እናትሽ ጺም የላትም» እያልክ የምታርማት። እኔ ለማረም አንጀቴ አይችልም። እናቷን አንተ ብላ ስማኝ ትሄዳለች።

ሥራ ቦታም ነገር ተለውጧል። ግራንድ ፕሬሪ መጋዘኑ ውስጥ አብረውኝ ካርቶን የሚያሽጉትን የአገራችንን ልጆች ታስታውሳቸዋለህ፣ «ጥሩዬ፣ ነይ እንጂ፣ ምሳ አትበዪም?» እያሉ እኩያቸው ያደረጉኝን። ከለቅሶው ስመለስ ጥቁሬን አዩና ሁሉም ባንዴ ማዘር አሉኝ። «ማዘር፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ ሊፍት እናደርገዋለን።» አክብረውኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ ይባረኩ። ግን ክብር ወንበር ይለቅልሃል እንጂ አጠገብህ አይቀመጥም። እኔ ስቀርብ ጨዋታቸውን ያቆማሉ፤ ምሳዬን ጥግ ላይ ብቻዬን ነው የምበላው።

አሁን ስለ ኮሪያው ተከታታይ ፊልማችን ልንገርህ። ጎመን ልንገዛ ከምንሄድበት የኮሪያ ሱቅ ሽፋኑን አይተህ የገዛኸውን፣ ሴትዮዋ የሹፌር ኮፍያ አድርጋ በማይክሮፎን የምትጮህበትን። በአንዲት የወደብ ከተማ አውቶቡስ ትነዳ የነበረች ሴት ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድራ ታሸንፋለች። ሥነ ሥርዓት እንዲያስተምራት የተመደበው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መጀመሪያ ሲንቃት ቆይቶ ቀስ በቀስ ልቡ ይሸፍታል። ለእኔ ብለህ የገዛኸው ፊልም ያንተ ሆኖ አረፈ። አገር ቤት ስንት ዘመን ማዘጋጃ ቤት ሠርተህ የለ! ከንቲባው ሲገባ ሁሉም ወገቡን ሲሰብር «ይኸው! እኛው ነን እኮ!» እያልክ ጭንህን ትመታለህ።

ከታች የሚጽፉት እንግሊዝኛ ለእኔ ዓይኔ ሳይደርስበት ስለሚያልፍ አንተ ነበርክ የምትተረጉምልኝ። ጠባችንም ከዚያ መጣ። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዩ» ነው፤ ለከንቲባውም ዩ፣ ለውሻውም ዩ። አማርኛ ግን ምረጥ ይልሃል። ወደቡ ላይ ዝናብ መትቷቸው ጃኬቱን ሲያለብሳት እኔ «በቃ፣ አሁን አንቺ አላት!» ብዬ ስጮህ፣ አንተ ፖዝ አድርገህ ጉሮሮህን ጠራረግክና «እርስዎ፣ ይበርድዎታል» ብለህ ተረጎምከው። ትራሱን ወረወርኩብህ። የምክር ቤት አባል ናት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝም ብሎ አንቺ አይልም፣ ጊዜው ሲደርስ ይላታል አልከኝ። ሲስማት እንኳ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አስባልከው። ያን ቀን ሆዴን ይዤ እስካለቅስ ሳቅኩ።

የመጨረሻዋ ዲቪዲ ስትቀረን አንተ ኤርፖርት ሥራ ላይ ወደቅክ። ስንቱን አዛውንት በዊልቸር ስትገፋ ኖረህ፣ አንተን አንድ ቀን እንኳ ሳልገፋህ በዚያው ቀረህ።

ዲቪዲዋን አልነካኋትም ነበር። ፈርቼ ነው። እሷ ካለቀች አብረን የጀመርነው ነገር ሁሉ የሚያልቅ መሰለኝ። ያለፈው እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የቤቱ ዝምታ ከፍርሃቴ ባሰብኝና ከፈትኳት። ያንተን ቦታ ትቼ በራሴ በኩል ተቀመጥኩ። ፖዝ እያደረግኩ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቃል በቃል እያነበብኩ፣ ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። ለማን እንደምተረጉም እኔም እንጃ።

መጨረሻውን ልንገርህ። ሴትዮዋ መናኸሪያው እንዳይፈርስ ተሟግታ ታሸንፋለች፣ ወንበሯን ግን ታጣለች። ኮፍያዋን ደፍታ ወደ አውቶቡሷ ትመለሳለች። ሰውየው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። በሩ ሲከፈት ከታች አንዲት ቃል ብቻ ተጻፈች፤ ዩ። ፖዝ አደረግኩ። ከእንግዲህ ምክር ቤት የለም፣ ወንበር የለም፤ አንተ ያልከው ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። «አንቺ» አልኩ።

ድምፄ ባዶው ቤት ውስጥ ሲሰማኝ ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጄ አንተ ትለኛለች፣ ሥራ ቦታ እርስዎ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን እትዬ ጥሩነሽ፣ ከአገር ቤት የሚደውሉልኝም ታናናሾቼ ናቸውና አንቱ ይሉኛል። ከአንተ ወዲህ አንቺ የሚለኝ አንድ ሰው አልቀረም። ባሏ ሞተባት ይላል ሰው፤ አንቺ መባሏም አብሮ ስለተቀበረ ማን ያስተዛዝናታል? ሪሞቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሰውየውም የአውቶቡሱ በር ላይ አፉን እንደከፈተ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ናፍቀኸኛል፣ ግርማዬ። በጣም ናፍቀኸኛል።

አንተም እኮ ተለውጠሃል። ሰው ስለ አንተ ሲያወራ እሳቸው ይልሃል። «እሳቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» ሲሉኝ ስለ የትኛው ሽማግሌ ነው የሚያወሩት እላለሁ። አትቀየመኝ፣ እኔ አፈር ስለተመለሰብህ አንቱ አልልህም። የሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰዉ እሳቸው ይበልህ፣ ድንጋዩም ላይ አቶ ብለው ይጻፉህ፤ ወግ ነው። እኔ ግን እዚህም ብቆይ፣ ሌዊስቪልም ብገባ፣ ከሥራ መጥቼ በሬን ስከፍት «አንተ፣ መጣሁ» እላለሁ፤ መልስ ባይኖረውም እላለሁ። አንቺ የሚለኝ ባላገኝም፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ አንተ የሚልህ አታጣም።

ያንተው
ጥሩነሽ